ስሟ የማይጠራ ቢጫ አበባ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረት ከተራራ የወረደ ነው፤ ብርዱም አብሮት ወርዷል።

ድሮ ድሮ፣ ሣሩም አራዊቱም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ጭላዳ የሚባል ባለ ጎፈር ዝንጀሮ ነበር። ገደሉ ጥግ የምትበቅል አንዲት ቢጫ አበባ መድኃኒት መሆኗን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ማንም እንዳይለያት፣ አፉ ውስጥ ድቅቅ አድርጎ ሳያላምጣት ለማንም አይሰጥም።

እመት ሽኮኮ እግሯ ቆስሎ መጣች። ቅጠሏን አላምጦ ለጠፈላት፤ ዳነች። አያ ጃርት ሆዱን ታሞ መጣ። ሥሯን አላምጦ ሰጠው፤ እየተጠየፈ ዋጠና ዳነ። እመት ቆቅ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አበባዋን አላምጦ ጨመቀላት፤ ዳነች።

ሦስቱም፣ «የኔ ጌታ፣ ምን የምትባል ቅጠል ናት?» አሉት።

«ዝም! ስሟ ከተጠራ መድኃኒትነቷ ይጠፋል!» አለ፣ ጎፈሩን እየነሰነሰ።

«አቤት እውቀት!» አሉና ፀሐይ የሚሞቁበትን ትልቁን ቋጥኝ ለቀቁለት።

ቢጫዋ አበባ ተናደደች። «አንተ ሰውዬ፣ ብትነግራቸው ምን ይጎድልብሃል?»

«ቋጥኙ ነዋ!» አላት።

አንድ ቀን አያ ጭላዳ ቋጥኙ ላይ ሲንጎራደድ አዳለጠውና ወደቀ። ጭኑ ተተረተረ፣ ቁስሉም አመረቀዘ፤ መነሳት አቃተው። ሞት ሲመጣ ታየው፤ ፈራ።

«ሽኮኮ! ሩጪ! ገደሉ ጥግ ያለችውን ቢጫ አበባ አምጪልኝ! መድኃኒቱ እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ።

እመት ሽኮኮ ደረቷን መታች። «ውይ በሞትኩት! ጠሯት እኮ! አሁንማ ምን ትሠራለች?»

«ውሸቴን ነበር! ለቋጥኙ ብዬ ነው!»

«አይ ጌታዬን! ሕመሙ እያስለፈለፋቸው ነው» አለ አያ ጃርት፣ እንባው እየወረደ።

አበባዋም ከገደሉ ጥግ፣ «እኔ ነኝ! ኧረ ቁረጡኝ!» ብላ ተጣራች።

እመት ቆቅ ጆሮዋን ደፈነች። «ይቺ ደግሞ ራሷን በራሷ ጠራች! ጭራሽ ረከሰች!»

በሦስተኛው ቀን አያ ጭላዳ ሞተ። ያዳናቸው ሁሉ ስቅስቅ ብለው አልቅሰው ቀበሩት። እመት ሽኮኮ ገደሉ ጥግ ሄዳ ቢጫ አበባ እቅፍ ሙሉ ለቅማ መጣችና መቃብሩን አለበሰችው።

«ለመድኃኒት ባትሆንም ለቀብር ታምራለች» አለች።

እኔ የማውቀውን ነገርኳችሁ። እናንተም ያወቃችሁትን ሳይመሽባችሁ ተናገሩ፤ የደበቃችሁት እውቀት በቸገራችሁ ቀን ለራሳችሁም አይደርስላችሁም።