ከሽንት ቤቱ አልለቅም ያለው ድንጋይ

ነጭ ነገር በየቀኑ ውሃ እየፈሰሰበት እንዴት ቢጫ ይሆናል? ትርሲት ይህን ጥያቄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

ነገሩ የሽንት ቤታቸው መቀመጫ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ጊቢ፣ ሦስቱም የሚጋሩት አንድ መቀመጫ። ውስጡ ቢጫ ቅርፊት ለብሷል፤ ውሃው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረው ያው የኖራ ድንጋይ ነው። እናቷ እትዬ ብዙነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በረኪና ያፈሱበታል። ለጊዜው ነጣ ይላል፤ ማክሰኞ ላይ ተመልሶ ቢጫ።

በዚህ ሐፍረት ትርሲት ሰው ቤቷ ጠርታ አታውቅም። አብረዋት መጽሐፍ የሚያነቡ አራት ጓደኞቿ በየተራ ጋብዘዋታል። የእሷ ተራ ሲደርስ ግን «እማዬን አሟታል» ትላለች። እትዬ ብዙነሽ ሳያውቁት አምስት ጊዜ ታመዋል! በስድስተኛው ስምረት የምትባለው ጓደኛዋ ቆጣ አለች።

«እናትሽ እንዲህ እየታመሙ ዝም ማለታችን ነውር ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ልንጠይቃቸው እንመጣለን።»

ሕመምተኛ ልጠይቅ ያለን ሰው ማን አትምጣ ይላል?

ቅዳሜ ጠዋት ትርሲት እጅጌዋን ሰብስባ ሽንት ቤት ገባች።

«ድንጋይ ሆይ፣ መቀመጫውን ልቀቅ! ዛሬ እንግዳ አለብኝ።»

«አልለቅም» አለ ድንጋዩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጠብታ በጠብታ የሠራሁት ቤቴ ነው።»

ብሩሹን ከጥግ አነሳች። «ብሩሽ፣ ብሩሽ፣ ድንጋዩን ፋቅልኝ!»

«አልፍቅም» አለ ብሩሹ። «ሳይለሰልስ ብፍቀው የሚረግፈው የኔው ፀጉር ነው።»

ብሩሹ አይፍቅ፣ ድንጋዩ አይለቅ፤ ትርሲትስ እንግዳ እንዴት ትቀበል?

ኖራ ኮምጣጣ ነገር እንደሚፈራ አንብባ ነበርና ሱቅ ሮጣ አቼቶ ገዛች። እናቷ ጠርሙሱን አይተው በረኪናቸውን ብድግ አደረጉ።

«እኔም ልጨምርልሽ፣ ልጄ?»

«እማዬ፣ ተይ! ሁለቱ ከተገናኙ ጭሳቸው ሰው ያፍናል። በረኪና ደግሞ መልኩን ያጥበዋል እንጂ ድንጋዩን አይበላውም።»

«ሃያ ዓመት መልኩን ነው ሳጥብ የኖርኩት በይኛ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ጠርሙሱን ወደ ቦታው እየመለሱ።

«አቼቶ፣ አቼቶ፣ ድንጋዩን አለስልስልኝ!»

«አላለሰልስም» አለ አቼቶው። «እዚያ የተኛውን ውሃ አታዪም? ያቀጥነኛል።»

«ውሃ፣ ውሃ፣ ቦታ ልቀቅ!»

«በራሴ እግር አልወጣም። ጣሳ ይጭለፈኝ» አለ ውሃው።

ውሃው ቦታ አይለቅ፣ አቼቶው አያለሰልስ፣ ብሩሹ አይፍቅ፣ ድንጋዩ አይለቅ፤ ትርሲትስ እንግዳ እንዴት ትቀበል?

«እማዬ፣ አንድ ኩባያ ስጪኝ።»

«ኩባያዬ ሽንት ቤት ሊገባ? ከገባ አንቺም እዚያው እደሪ!»

ወደ በርሜሉ ሮጠች። የጊቢው የመጠጥ ውሃ በርሜል ላይ ጣሳ አለ።

«ጣሳ፣ ጣሳ፣ ነይና ውሃውን ጭለፊልኝ!»

«አልጨልፍም» አለች ጣሳዋ። «በሽቦ መታሰሬን አላየሽም?»

ያሰሯት ጋሽ መርዕድ ናቸው፤ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በርሜሉን እንደ ፉርጎ የሚጠብቁ ጎረቤት።

«ጋሽ መርዕድ፣ ጣሳዋን ይፍቱልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሽንት ቤት የገባ ጣሳ በርሜል አይመለስም። ምትክ አምጪና እፈታለሁ። ጎረቤታችን ሩቂያ ዘንድ አዲስ ጆግ አለ።»

ጋሽ መርዕድ አይፈቱ፣ ጣሳዋ አትጨልፍ፣ ውሃው ቦታ አይለቅ፣ አቼቶው አያለሰልስ፣ ብሩሹ አይፍቅ፣ ድንጋዩ አይለቅ፤ ትርሲትስ እንግዳ እንዴት ትቀበል?

የሦስተኛው ቤት እማማ ሩቂያ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያራግባሉ። አዲሱ ጆግ ውሃ ተሞልቶ የማድ ቤታቸውን በር ደግፎ ቆሟል። ከበሩ ፊት ደግሞ አንዲት ፍየል በቀንዷ ትገፋለች።

«እማማ ሩቂያ፣ ጆጉን ይስጡኝ። ለበርሜሉ ነው።»

«አቦ፣ ወስደሽው ይህቺ ቀማኛ ምሳዬን ትብላልኝ? የበሩ መቀርቀሪያ ተሰብሯል፣ ሆዴ። እሷን አስነሺና ጆጉን ውሰጂው፣ ወላሂ እሰጥሻለሁ።»

«ፍየል፣ ፍየል፣ ከበሩ ተነሽ!»

«አልነሳም» አለች ፍየሏ። «የፓፓያ ልጣጭ ሸቶኛል።»

ፍየሏ አትነሳ፣ እማማ ሩቂያ አይሰጡ፣ ጋሽ መርዕድ አይፈቱ፣ ጣሳዋ አትጨልፍ፣ ውሃው ቦታ አይለቅ፣ አቼቶው አያለሰልስ፣ ብሩሹ አይፍቅ፣ ድንጋዩ አይለቅ፤ ትርሲትስ እንግዳ እንዴት ትቀበል? አራት ሰዓት ሆነ እኮ!

ትርሲት ቤት ገብታ ለእንግዶቹ የገዛችውን ፓፓያ አነሳች። ልጣጩን ልጣ ለፍየሏ ጣለችላት። ፍየሏ ልጣጩን ጨርሳ ቀና ብላ አየቻት። ትርሲት የፓፓያውን ሥጋ አየች፤ ሰዓቷን አየች።

«ብይው! እንግዳ ሻይ ይጠጣል!»

ያን ጊዜ ፍየሏ ፓፓያውን ተከትላ ከበሩ ተነሳች፤ እማማ ሩቂያ ጆጉን ሰጡ፤ ጋሽ መርዕድ ሽቦውን ፈቱ፤ ጣሳዋ ጨለፈች፤ ውሃው ቦታ ለቀቀ፤ አቼቶውም እየተንደቀደቀ ወረደና... ቆመ።

«ምነው?» አለች ትርሲት።

«እኔ ስቸኩል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሶፍት በእኔ ነክረሽ ጎንና ጎኑ ላይ ለጥፊው፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ተዪኝ።»

ነክራ ለጠፈችው። ጋሽ መርዕድ ወንበር ይዘው መጡ፤ እማማ ሩቂያ ማራገቢያቸውን ይዘው መጡ፤ እትዬ ብዙነሽ ምሳውን ረስተው መጡ። ሦስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት በር ላይ ተሰብስቦ ድምፅ ሲያዳምጥ ታይቶ አይታወቅም።

«ሲስ ይላል!» አሉ እማማ ሩቂያ።

«እየበላው ነው» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ባቡሩ ተነቃነቀ!»

ሰባት ተኩል ላይ ትርሲት ሶፍቱን አነሳች። አቼቶው አለስልሶ ነበር፤ ብሩሹ ከአንድ ሰዓት በላይ ፋቀ፤ ድንጋዩም ቀረፍ፣ ቀረፍ፣ ቀረፍ እያለ ለቀቀ! ሁለት ባልዲ ውሃ ደፉበት። ነጭ! እንደ ወተት ነጭ! እማማ ሩቂያ እልል አሉ። እትዬ ብዙነሽ አጎንብሰው አዩ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና አጎንብሰው አዩ።

«ይሄ ነው የኛ? አልቀየርሽውም?»

ትርሲት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ የጊቢው በር ተንኳኳ። ዘጠኝ ሰዓት።

«እትዬ ብዙነሽ እንዴት ዋሉ? ተሻላቸው?» አለ የስምረት ድምፅ ከውጭ።

«ማን? እኔ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ምን ሆኜ?»

የትርሲት ጉንጭ ጋለ። በሩ አልተከፈተምና ገና ጊዜ ነበራት። እናቷን «ለአንድ ሰዓት ብቻ ጋደም በይልኝ» ብላ ትለምናቸው፣ ጋቢም ታለብሳቸው ይሆን? እናቷ ለእሷ ሲሉ እንቢ አይሉም። ግን ደግሞ ስድስተኛው ሕመም ሰባተኛውን ይጠራል፣ ሰባተኛው ስምንተኛውን። ይህንንም ሰንሰለት ዛሬውኑ ልትበጥሰው ወሰነች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«እማዬ ታማ አታውቅም» አለች። «ዋሽቻችሁ ነው። በሽንት ቤታችን አፍሬ ነበር። አሁን ግን ግቡ፣ መጀመሪያ እሱን ላሳያችሁ።»