ሳጥን ውስጥ የቀረው የሱፍ ሱሪ

አንዲት ሴት ነበረች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ስሟ እናትነሽ ይባላል። ሥራዋ በመንዝ ደጋ፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ በሚያነጋበት አገር ነው። ወላዶችን ቤት ለቤት የምትጎበኘው በጤና ጣቢያው ሳይክል ነበር።

ለዚሁ ብላ አንድ ሱሪ ገዝታ ነበር። ወፍራም የሱፍ ሱሪ ነው። ውስጡ ለስላሳ፣ ጉልበቱ ላይ ሰፋ ያለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ የሚሰበሰብ። የሳይክሉ ካቴና አይነክሰውም፤ ነፋስ አያስገባም።

አንድ ቀን ይህን ሱሪ ለብሳ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስታልፍ፣ ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሽማግሌ አዩአት። «ሴት ልጅ ሱሪ ታጥቃ ሳይክል መጋለብ ከጀመረች እንግዲህ ምን ቀረን?» አሉ። አብረዋቸው የቆሙት ሳቁ።

ይኸው ነው። ሌላ አልተናገሩም። እሷ ግን ሱሪውን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ጥላዬ ናቸው። «ልጄ፣ የሻረግን ምጥ ይዟታል። ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል አሉኝ። የወለድኳት እሷን ብቻ ነው፤ ድረሽልኝ።»

እናትነሽ ሳጥኑን ከፈተች። ሱሪውን በእጇ ያዘች። ውጭ ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። የምትሄደው ወደ ማን ቤት ነው? ወደ እሳቸው ቤት። ሱሪውን መለሰችው። በቀሚስና በስስ ካልሲ ወጣች።

ሜዳው ላይ ነፋሱ መጀመሪያ ጭኗን ለበለባት። ቀጥሎ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ሕመሙ ጠፋ። እግሯ ፔዳሉ ላይ መኖሩን ለማወቅ ጎንበስ ብላ ማየት ነበረባት። ታየዋለች፤ ግን የሷ አይመስላትም። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባት። ቀና ስትል መንገዱ ጭር ብሏል። እኔ ብወድቅ ለእሷ ማን ይደርስላታል? ይህን እያሰበች፣ የማይሰማትን እግር ግፋ ግፋ እያለች ሄደች።

ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ተንሸራተተ፤ ቀሚሷን ካቴናው ያዘው፤ ከነሳይክሉ ጅረት ውስጥ ወደቀች። ልትነሳ ሞከረች። እግሯ እሺ አላት? አላላትም። በአንድ እጇ የመድኃኒት ቦርሳዋን ከፍ አድርጋ፣ በሌላው እየዳኸች ወጣች። ጮኸች። የሚሰማት አልነበረም።

ጋሽ ጥላዬ ብትቆይባቸው ጊዜ በቅሎ ጭነው ሊቀበሏት ወጥተው ነበር። እንዲያ ሆና ሲያገኟት ጋቢያቸውን አለበሷት።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ብርድ በስስ ልብስ ትወጫለሽ? ሱሪ እንኳ የለሽም?»

«አለኝ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«እኔን? እኔ ምን አልሁሽ?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ለማስታወስ ሞከሩ። አላስታወሱትም።

በቅሎዋ ላይ አስቀምጠው እየሮጡ ሳቧት። ሲደርሱ የሻረግ ወልዳለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል፤ መኝታው በደም ርሷል። እናትነሽ መርፌውን አነሳች፤ ከደነዘዘ ጣቷ ወደቀ። አነሳችው፤ ወደቀ። ጋሽ ጥላዬ እጇን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣ እያለቀሱ፣ በትንፋሻቸው አሞቁላት። በመጨረሻ ወጋቻት። ደሙ ቀስ እያለ ቆመ። እናትም ሕፃንም ተረፉ።

ተረፉ ስላልኋችሁ ቀለል አይበላችሁ። ለጥቂት ነው። ከጅረቱ ሳትወጣ ቀርታ ቢሆንስ? ሽማግሌው የልጃቸውን ሬሳ ታቅፈው፣ የገደላት የገዛ አፋቸው መሆኑን እንኳ ሳያውቁ ይቀብሯት ነበር። ይህ አያስፈራችሁም? እኔን ያስፈራኛል።

የተወደዳችሁ፣ ከመካከላችሁ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ሐኪም ቤት መሄድ የተዋችሁ የላችሁም? ቤታችሁ ሲፈርስ እያያችሁ፣ ወሬ እንዳይሆን ብላችሁ ዝም ያላችሁ የላችሁም? ስለ ማን ብላችሁ ነው በብርድ የምትሰቃዩት? የፈራችሁት ሰው እኮ የተናገረውን ረስቶታል።

እናንተ ደግሞ የምትናገሩት፤ እኔም ከናንተ ጋር። ደጅ ቆመን ስንሳሳቅ የወረወርነው ቃል አሁን የት ደርሶ ይሆን? ማንን አስበርግጎ ይሆን?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በብርዱ የምታልፍ እኅት ታገኛላችሁ። አለባበሷን አትመርምሩ። «ሞቆሻል ወይ?» በሏት። አልሞቀኝም ካለቻችሁ፣ የለበሳችሁትን አውልቃችሁ ስጧት።