ጥንዱን የጣለ ገበሬ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ዘውገ፣ ጠያቂያቸው ነገሩን ሳይጨርስ።

ጠያቂው አንዷለም ይባላል። ከሚስቱ ከብርቄ ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል። ዘንድሮ ሹመት አገኘና የአንድ ባለጸጋ ልጅ ታየችው። «የኔታ፣ ብርቄን ብፈታ ነውር ነው ወይ? ነውር ካልሆነ ለልጅቱ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ» ሊል ነበር የመጣው። የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። «ዝም ብለህ ስማ» አሉት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ በበጋ ሞተበት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ሰኔ ሊገባ ሲል ሚስቱ የአንገቷን የብር ድሪ ሸጠች፤ ገንዘቡንም በወገቡ ቋጠረችለት። «ቁመናው አይደለም የሚያርሰው፤ ከቀረልን በሬ ከቦራ ጋር እኩል ይሳብልን እንጂ» አለችው። በሬውን እየሳበ የሚመጣበት ገመድም ሰጠችው። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገበያ ወረደ።

ለያዘው ገንዘብ የሚበቃ በሬ ነበረ፤ አጠር ያለ፣ ደንደን ያለ፣ ደህና በሬ። እሱ ግን ዐይኑ አንድ ግዙፍ ሰንጋ ላይ ቀረ። ዋጋው ከያዘው በለጠበት። ጉድለቱን እሞላለሁ ብሎ የካርታ ማሽን ወዳለበት መጠጥ ቤት ገባ። አየህ ሥራውን! የሚስቱን አንገት ይዞ ቁማር ቤት!

ጨዋታው እንዲህ ነው። የማሽኑ መስተዋት ላይ አምስት ካርታ ይወጣል። የምትይዘውን በጣትህ ትነካለህ፤ ያልነካኸው ይጣላል፤ በተጣለው ፋንታ አንዴ ብቻ ሌላ ይመጣል። የተጣለው ተመልሶ አይመጣም። ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ ያገኘ፣ ያስያዘው ይመለስለታል። ሦስት ያገኘ እጥፍ ይወስዳል። የቤቱ ባለቤት ሴትዮዋ ራሷ አዝናለት «ወንድሜ፣ ጥንድ ካየህ እንዳትለቅ» አለችው። እሱ ግን ምክር ሊሰማ አልመጣም። ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስያዘ።

አምስቱ ካርታዎች ወጡ። ሁለት አራት ቁጥር፣ አንድ ሰባት፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ንግሥት። ጥንድ ወጣለት! ሁለቱን አራቶች ቢይዝ ሌላው ቢቀር የሚስቱ ድሪ ገንዘብ ወደ ወገቡ ይመለስ ነበር። ግን ናቃቸው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። አራት ቁጥር አራት ቁጥር ነው፤ ልክ እንደ ጎጆው፣ ልክ እንደ ጠባቧ ማሳው። ንጉሡ ግን ዘውድ ጭኗል፤ ንግሥቲቱ አበባ ይዛለች። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በትከሻው ላይ ሆነው ሲያዩ ከአራት ጋር መታየቱ አሳፈረው። «ሌላ ንጉሥ ቢመጣልኝስ?» አለ በልቡ።

መጣ እንበል። ያኔ የሚያገኘው ምንድን ነው? ጥንድ! ጥንድ ደግሞ በእጁ ነበረ! ይኼን ለማሰብ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። እሱ ግን አላሰበም። ንጉሡንና ንግሥቲቱን ነካ። ሁለቱ አራቶችና ሰባት ቁጥሩ ተጥለው ሄዱ።

ሦስት አዲስ ካርታ መጣ። ሁለት ቁጥር፣ ስምንት ቁጥር፣ ሦስተኛው አራት ቁጥር ነበር። ጥንዱን ይዞ ቢሆን ኖሮ ሦስት አራት ይሆንለት ነበር፤ ያንንም ሰንጋ ይገዛበት ነበር። አሁን ግን ጥንድ አጣ፤ ያስያዘው ሁሉ ተበላ።

መስተዋቱን በቡጢ ነረተው። «ሌባ! ሌባ ማሽን!» እያለ ጮኸ። ሴትዮዋ እጁን ያዘችና «ማሽኑ ምን አደረገህ? የነካው ጣትህ ነው» አለችው።

ሲመሻሽ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ቦራን ይዛ ከደጅ ትጠብቀው ነበር፤ አዲሱን በሬ ልታስተዋውቀው ኖሯል። ገመዱ እንደ ሄደ ትከሻው ላይ ነው። ከኋላው በሬ የለም። አየችው፤ ባዶ አንገቷን በእጇ ዳሰሰች። «ገመዱን ቦታው ስቀለው» አለችና ቦራን ብቻውን ወደ በረት አስገባችው። በዚያ ክረምት ማሳቸው ጦሙን አደረ።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ አንዷለም ዞሩ።

«ያ ገበሬ አንተ ነህ! ብርቄ አራት ቁጥር ሆነችብህ፣ አይደል? ባዶ ቤት አብራህ ስትገባ፣ አንተ በንዳድ ስትወራጭ ሌሊት ሁሉ ስታስታምምህ አራት ቁጥር አልነበረችም። ዛሬ ሰው ትከሻህ ላይ ሆኖ ሲያይህ አፈርክባት። ያቺ ልጅ እሺ ብትልህ የምታገኘው ምንድን ነው? ሚስት! ሚስት ደግሞ አለችህ፤ ያውም የተፈተነች! የምትጥላትን ታውቃታለህ፤ የምትመጣውን ግን አታውቃትም። ነገ ሲከፋህ ደግሞ ዕድሌ ነው፣ ሰይጣን ነው ትለኛለህ። ጣትህ ነው!»

አንዷለም አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ሽማግሌነቱስ፣ የኔታ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሽማግሌ የምሆነው ለብርቄ ነው» አሉ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እየመቱ። «ያ ምስኪን ነክቶ ጨረሰ። አንተ ገና አልነካህም። ጣትህን ሰብስብና ቤትህ ግባ!»