ዳኛው ያጠፉት መስመር

አንድ አቶ ልሳኑ የሚባሉ ዳኛ ነበሩ። በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች በአንዷ ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ ታሞ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። ጉሮሮው ላይ በወጣበት እባጭ ድምፁ ስለተዘጋ በስልክ መነጋገር አይችሉም። ስለዚህ የሞባይል ዳታ መግዣ የሌላት ስንዱ በዳኛው ዋይፋይ በቪዲዮ እየደወለች ፊቱን ታየዋለች፤ እሱም እጁን ያውለበልብላታል። የይለፍ ቃሉን የሰጧት ራሳቸው ዳኛው ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ «አዲስ ሲስተም መጥቷል፣ ይጫን ወይ?» የሚል ጥያቄ ጠበቃቸው። አንብበው ሳይጨርሱ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ሲያጓራ ቆየና ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ግን ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። አጥፍተው አበሩት። ራውተሩን ነቅለው መልሰው ሰኩት። ወይ ፍንክች!

ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል የስንዱ ክፍል ላይ አረፈ። ወጥተው፣ ሌሎቹ ተከራዮች ልብስ ከሚያጥቡበት ቧንቧ አጠገብ ጠሯት።

«ለአንቺ ብዬ የሰጠሁሽን የይለፍ ቃል ለሰፈሩ ሁሉ አደልሽው አይደል? ይኸው በገዛ ቤቴ መጠቀም አቃተኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ለማንም አልሰጠሁም። እባክዎ፣ ዛሬ እንኳ...»

«በቃ! መስማት አልፈልግም።»

ተመልሰው ገቡና ራውተሩን ነቅለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከለቅሶ ቤት መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ራውተሩን አውጥተው ሰኩት። ስልካቸው ወዲያው መልእክት በመልእክት ሆነ።

«የእኔ እኮ ይሠራል» አሉ። «እምቢ ያለው ያንተ ኮምፒውተር ነው። ዛሬ ምን ነካክተህ ነው?»

ዳኛው ጠዋት የተጫኑት «እሺ» ትዝ አላቸው። በባለቤታቸው ስልክ ሲፈላልጉ፣ ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልስማማ ብሎ ኖሯል። በስልኩ ሌላ አውርደው ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭኑ ኢንተርኔቱ መጣ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ፊታቸው በእፍረት ጋለ።

ስንዱን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኟት።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ለባለቤትሽ ደውዪለት።»

«አሁን አይችልም ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «እኩለ ቀን ላይ ለቀዶ ጥገና አስገቡት። ሳይገባ ልየው ብዬ ነበር የለመንኩዎ።»

 ዳኛው ወደ ቧንቧው ሄዱና ጠዋት ሲያዋርዷት የሰሙትን ተከራዮች ሰብስበው «ስንዱ ምንም አላጠፋችም። ያለ ጥፋቷ ነው ስሟን ያጠፋሁት» አሉ። 

ባልየው ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ። አመሻሹ ላይ ሆስፒታል አብሮት ያለው አስታማሚ በቪዲዮ አሳያትና እልል አለች። ዳኛውንም ይቅር አለቻቸው። እሳቸው ግን «ባይወጣስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ አልለቀቃቸውም። ሰላምታዋን ቀና ብለው ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ሲበላሽብን ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው መልስ ሊሰጠን አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። «ማን ነካብኝ?» ከማለታችን በፊት «እኔ ምን ነካሁ?» ብለን እንጠይቅ። የተቋረጠ መስመር ይቀጠላል፤ ስንዱ ባሏን ሳታየው ያለፈባትን ያን ሰዓት ግን ማንም ሊመልስላት አልቻለም።

እናንተስ፣ ሳትሰሙት የፈረዳችሁበት ሰው ዛሬ በቤታችሁ ይኖር ይሆን?