ስሟን የዋጠው ጋጋኖ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚሰማ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ድሮ ድሮ፣ ሰዎች «እዚህ አይታደንም» ብለው ያጠሩት አንድ ረግረግ ነበር። በዚያ ረግረግ ደንብ፣ እንግዳ ወፍ ሲመጣ ስሙ በአዋጅ ይነገራል። አዋጅ ነጋሪው ጩኸተኛው ወፍ ጋጋኖ ነው። ሹመቱ ከአባቱ የወረሰው ስለሆነ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳለታል።

አንድ ቀን ዳክዬ መጣች። ጋጋኖ ግንዱ ላይ ወጥቶ፣ «ዳክዬ ታየች! ከነልጆቿ ታየች!» አለ። ረግረጉ በእልልታ ቀለጠ። በማግስቱ ከልጆቿ አንዱ ጠፋ።

ቆየት ብሎ ዝይ መጣች። «ዝይ ታየች! ከነልጆቿ ታየች!» አለ። ረግረጉ በእልልታ ቀለጠ። በማግስቱ ከልጆቿ አንዱ ጠፋ።

ነገሩ ጋጋኖን ከነከነው። ዋርካው ላይ ወደሚውለው ጭልፊት ሄደ።

«አያ ጭልፊት፣ አጥሩን አላየኸውም እንዴ?»

«አጥሩ ለእግረኛ ነው። ደግሞስ ምን አደከመኝ? አንተ ትጠራልኛለህ፣ እኔ እበላለሁ። ዕድሜ ላንተ!»

ጋጋኖ ነገሩን እያብላላ ወደ ግንዱ ተመለሰ።

ሦስተኛዋ እንግዳ ክንፈ ነጭ የምትባል ወፍ ነበረች። ዓይናፋር ናት፤ የረግረጉ ሽማግሌዎች እንኳ በወሬ እንጂ በዓይን አያውቋትም። የእሷን ስም ያወጀ አዋጅ ነጋሪ እስከ ልጅ ልጁ ይከበራል። ጋጋኖ ቄጠማ መሃል እንቁላሏን ታቅፋ አገኛት።

«ወንድሜ ጋጋኖ፣ አየኸኝ?» አለችው።

ስሟ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

«ያየሁት ቄጠማ ነው» አላት።

«እኔም ያቀፍኩት ነፋስ ነው» አለ ቄጠማው።

እመት እንቁራሪት ግን ወሬ ሸተታት። «ቄጠማው ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ማነው? ለምን አትጠራም?»

«ምንም አላየሁም።»

«ዓይኑ ፈዟል፣ ይሻር!» አለች። ረግረጉም «ይሻር!» አለ። ጋጋኖ ከአባቱ ግንድ ወርዶ ጭቃ ዳር ቆመ።

ክረምቱ ሲወጣ ክንፈ ነጭ ልጆቿን አስከትላ ከቄጠማው ብቅ አለች። ሁሉም መብረር ችለዋል፤ አንድም አልጎደለም።

«መቼ መጣሽ? ማንም አላየሽም!» ብሎ ረግረጉ ተንጫጫ።

«ጋጋኖ አይቶኛል» አለች። «አይቶ ዝም ስላለ ነው ልጆቼ ያደጉት።»

ረግረጉ አፍሮ፣ «በል ወደ ግንድህ ተመለስ» አለው። ጋጋኖ ግን ከነልጆቿ ሊሸኛት ተነሳ፤ አየር ላይ ሆኖም የዋጠውን ስሟን ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ጋጋኖ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ ይጮኻል እንጂ፣ ቄጠማ ውስጥ ያየውን አይናገርም።

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እኔ ነገርኳችሁ፤ ፍርዱን ለልባችሁ ትቻለሁ።