ለምርጫ የሄደው አውራ ዶሮ

ተረት ልንገር ወይስ ዝም ልበል? «ንገሪን» በሉኛ! አልሰማሁም፣ ጮክ! እሺ፣ እንዲህ ከለመናችሁኝስ።

ስሟን በማልነግራችሁ አገር (ብነግራችሁ «የእኛ ናት» ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ) እማማ አልጣሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሻምበል የሚባል ቀይ አውራ ዶሮ ነበራቸው። የሰፈሩን ሌላ አውራ ዶሮ በሙሉ በዓል በልቶ ጨርሶት፣ ሰዉ የሚነቃው በሻምበል ነው። የእማማ አልጣሽም ኑሮ በእሱ ነው፤ ጫጩት አስፈልፍለው ነው የሚሸጡት።

ታዲያ ምርጫ መጣ። በዚያ አገር ተወዳዳሪ ሁሉ ምልክት አለው፤ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ማሰሮ። ድልነሳው ለሚባል ተወዳዳሪ አውራ ዶሮ ደረሰው። አንቱ አልለውም፣ ተናድጄበታለሁ! «በሥዕል ማን ይመርጠኛል? እማማ፣ ሻምበልን ለምርጫው ሰሞን ብቻ ያውሱኝ» አለ። አዋሱት። በብብቱ ይዞት ዞረ፣ ሻምበልም በየስብሰባው ጮኸለት፣ ድልነሳው ተመረጠ። ሻምበልን መመለስ ግን ወይ ፍንክች! ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ጎለተው።

እማማ አልጣሽ ሄደው በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ሻምበሌን መልስልኝ። እንቁላሎቼ ጫጩት አልሆን አሉ።»

«የተመረጠ ሰው የወሰደውን ይመልስ የሚል ሕግ አለ እንዴ?» አለ ድልነሳው። «ካለ ያምጡና ያሳዩኝ!»

ሕግስ ነበረ፤ ግን ገና ረቂቅ ነው። ምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አቧራ ይጠጣል። «ተመራጭ ከመራጭ የወሰደውን ይመልስ፤ የምርጫ ምልክትም በሥዕል ብቻ ይሁን» ይላል። እማማ አልጣሽ አቧራውን እፍ አሉለት። «ረቂቁ፣ ሕግ ሁንልኝ! ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ ሻምበል ቀረብኝ!»

ረቂቁ አስነጠሰው። «እኔ ምን ላድርግ እማማ? መዶሻው ካልመታ አልጸድቅም።»

ወደ መዶሻው ዞሩ። «መዶሻው፣ ምታልኝ! ረቂቁ አልጸድቅ ብሎ፣ ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ ሻምበል ቀረብኝ!»

መዶሻው ገላመጣቸው። «እኔ እንጨት ነኝ! አፈ ጉባኤዋ ካላነሱኝ በራሴ ልዘል ነው?»

አፈ ጉባኤዋ ዘንድ ገቡ። «እመቤቴ፣ መዶሻውን ያንሱልኝ! መዶሻው አልመታ ብሎ፣ ረቂቁ አልጸድቅ ብሎ፣ ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ ሻምበል ቀረብኝ!»

«ወይ እናቴ፣ እጄማ እያሳከከኝ ነው!» አሉ አፈ ጉባኤዋ። «ግን ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም፤ አንድ ሰው ጎደለን። የእርስዎ ሰፈር ሰው ናቸው፣ አቶ ጌጡ። ጠዋት እሳቸው አይመጡም፣ ከሰዓት እኛ የለንም።»

እማማ አልጣሽ ወደ ሰፈራቸው ገሰገሱ። አቶ ጌጡ ጋቢ ተከናንበው ያንኮራፋሉ። «ጌጡ፣ ተነስልኝ! አፈ ጉባኤዋ አላነሳ ብለው፣ መዶሻው አልመታ ብሎ፣ ረቂቁ አልጸድቅ ብሎ፣ ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ ሻምበል ቀረብኝ!»

ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ። «እማማ፣ ዶሮ ሳይጮህ ሰው ይነሳል እንዴ? እኔ የምነቃው በሻምበል ነው። እሱ ካልጮኸ ለእኔ አልነጋም።» ብለው ተገላብጠው ተኙ።

«ጉድ ፈላ!» አሉ እማማ አልጣሽ ወገባቸውን ይዘው። «ሻምበል እንዲመለስ ሻምበል ይጩህ?» ቢቸግራቸው የድልነሳው መስኮት ሥር ሄደው ተጣሩ። «ሻምበል፣ ጩህልኝ! ጌጡ አልነሳ ብሎ፣ አፈ ጉባኤዋ አላነሳ ብለው፣ መዶሻው አልመታ ብሎ፣ ረቂቁ አልጸድቅ ብሎ፣ ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ አንተው ቀረህብኝ!»

«እማማ፣ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ መብራቱ አይጠፋም» አለ ሻምበል፣ ሆድ ብሶት። «ነጋ አልነጋ በምን ልወቅ? ገብስማ ካላስካካች አልጮህም።»

ገብስማ የቤት ዶሯቸው ናት። እማማ አልጣሽ ቁና ቁና እየተነፈሱ ተመለሱ። «ገብስማዬ፣ አስካኪልኝ! ሻምበል አልጮህ ብሎ፣ ጌጡ አልነሳ ብሎ፣ አፈ ጉባኤዋ አላነሳ ብለው፣ መዶሻው አልመታ ብሎ፣ ረቂቁ አልጸድቅ ብሎ፣ ድልነሳው አልመልስ ብሎ፣ ሻምበል ቀረብን!»

ገብስማ በአንድ ዓይኗ አየቻቸው። «ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ጥሬ የበተነልኝ አለ? በባዶ ሆዴ አላስካካም!»

«ውይ በሞትኩት!» አሉና እማማ አልጣሽ ጭብጥ ማሽላ በተኑላት። ስትጠግብ በነጠላቸው ሸፍነው መስኮቱ ሥር ወሰዷት።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ገብስማ አስካካች፣ ሻምበል ጮኸ፣ አቶ ጌጡ ተነሱ። ግራና ቀኝ የተለያየ ጫማ አድርገው እየሮጡ ምክር ቤት ገቡ፣ ጉባኤው ሞላ። «የምትደግፉ?» ሲባል እጅ ሁሉ ብድግ! የድልነሳው እጅም ከልማዱ ብድግ! ምን እንደሚደግፍ አላነበበም፤ መቼ አንብቦ ያውቃል? «በሙሉ ድምፅ!» አሉ አፈ ጉባኤዋ። መዶሻውን አነሱ፣ መዶሻው መታ፣ ረቂቁ ጸደቀ።

እማማ አልጣሽ ሕጉን ይዘው በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ አሳዩኝ ብለህ ነበር።»

ድልነሳው አንብቦ ላብ በላብ ሆነ። «ይህን ደግሞ ማን አጸደቀው?»

«አንተ!»

አቶ ድልነሳው ሻምበልን መለሱ። ከመለሱማ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ቂም አልይዝም። ሻምበል ግቢው ገባ፣ ገብስማም እንቁላሎቿን ታቀፈች፣ ቤቱ ጫጩት በጫጩት ሆነ።

ለሚቀጥለው ምርጫ አቶ ድልነሳው የአውራ ዶሮ ሥዕል ይዘው ደጅ መጡ። እማማ አልጣሽ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ይጮኻል?»

«ኧረ አይጮህም እማማ፣ ሥዕል ነው።»

«እንግዲያው አንተ ትጮህልናለህ» አሉ። «ያውም በጠዋት!»

ተረቴ በቃ፣ የተኛም ይንቃ።