ሦስት ምርጫ፣ አንድ በር

አንድ ከተማ ውስጥ መክሊት የምትባል በኮምፒውተር የሚነበብ ታሪክ ሠሪ ነበረች። ሥራዋ እንዲህ ነው፦ ሥዕል ይመጣል፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይመጣል፣ ታሪኩ ጭንቅ ላይ ሲደርስ ደግሞ አንባቢው በጣቱ ነክቶ ቀጥሎ የሚሆነውን ይመርጣል። ስምንት ወር ተቀምጣ ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ አጭር ታሪክ ሠራች። መርከቧ መቶ ሰው ጭናለች፤ አየሩ ግን የሚበቃው ለሃምሳ ነው። «የመቶ ሰው ዕጣ በእጅዎ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈችበት። ሲሰሙት ምሳ የሚያስረሳ ሐሳብ ነው።

ችግሩ፣ ሰባቱ ወር ያለቀው የመርከቧን መስኮትና የከዋክብቱን ብልጭታ ስታሳምር ነው። ለታሪኩ የተረፈው አንድ ወር ሆነ። ስለዚህ ሦስት ምርጫ ጻፈችና ሦስቱንም ወደ አንድ መጨረሻ ነዳቻቸው፦ በሩ ይዘጋል፣ ሃምሳ ሰው አየር አጥቶ ከበሩ ወዲያ ይቀራል። «ማን ሁለቴ ያነበዋል?» አለች ለራሷ።

ሥራዋን ያስገባችበት የታሪክ ሠሪዎች ውድድር ቀን ደረሰ። ያሸነፈው ሥራ በየከተማው እየዞረ ሊታይ ነው፤ መክሊት ይህን ስትመኝ ነው የኖረችው። ዳኞቹ አንድ አንድ ጊዜ ነክተው አጨበጨቡ። አዘጋጁም ጠጋ ብሎ «አንቺ ነሽ፤ አልቋል» አላት።

ከዚያ ሕዝቡም ተሰልፎ እንዲሞክረው ተፈቀደ፤ ጋሽ ደርበው መጡ። የሰፈሩን ጠበኛ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡና «በዕጣ ይለይ» የሚለውን ነኩ። በሩ ተዘጋ። ከበሩ ወዲያ ከቀሩት መካከል ሕፃን ያቀፈች ሴት ትታያለች። ጋሽ ደርበው አልተነሱም።

«ከመጀመሪያው መልሺልኝማ ልጄ። እኔ ነገር አንዴ ሰምቼ ፈርጄ አላውቅም።»

አሁን «ሽማግሌዎቹ ይቅሩ» የሚለውን ነኩ። «ይኸው፣ ራሴን አስወጣሁ» ብለው ሳቁ። በሩ ተዘጋ። ከበሩ ወዲያ ያው ሃምሳ ሰው፣ ያቺው ሕፃን ያቀፈች ሴት።

እንደገና አስጀመሩና የመጨረሻውን ነኩ፦ «በሩ አይዘጋ፤ ያለውን አየር ተካፍለን መቶም እንሂድ።»

በሩ ተዘጋ።

«አይዘጋ አልኩ እኮ» አሉ ጋሽ ደርበው። አሁን አይስቁም።

«ጋሼ፣ ታሪኩ እንደዚያ ነው የሚያልቀው» አለች መክሊት።

«ይለቅ። ታዲያ እኔን ለምን ጠየቅሽኝ?»

አዘጋጁ ገባ። «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ሰው ወረፋ ይዟል፣ ይነሱ።»

«አልነሳም። ስብሰባ ተጠርቼ፣ ሐሳብ ስጡ ተብዬ፣ ውሳኔው አስቀድሞ ተጽፎ ስንቴ አጨብጭቤ ተመልሻለሁ። ምድር ላይስ ይሁን፤ ሰማይም ወጥቼ?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። መክሊት ግን ያቺን ሴት እያየች ነበር። ሦስቴ ከበሩ ወዲያ የተወቻት ራሷ መክሊት ናት።

«ከውድድሩ አውጡኝ» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ዳኞቹ ወደውታል እኮ» አለ አዘጋጁ።

«የወደዱት መስኮቱን ነው። በሩ ባይዘጋ ምን እንደሚሆን እኔ ራሴ አላውቅም። መልሱን ሳላዘጋጅ ነው ሰው የጠየቅኩት።»

«ይህን ማን ያውቅብሻል?»

«ጋሽ ደርበው አውቀውብኛል። እኔም አውቃለሁ።»

ማስታወቂያዋን በገዛ እጇ ቀደደች። የሌላ ሰው ሥራ አሸንፎ ዞረ። እሷ ግን ሽማግሌው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ በሩ ክፍት ቢቀር መቶ ሰው እንዴት ይደርሳል?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ በየተራ ይተኙ፤ የተኛ ሰው ብዙ አየር አይጨርስም። የሚጨቃጨቀውን ደግሞ ቀድመሽ አስተኚው።»

መክሊት ሳቀችና ጻፈችው።

ወዳጆቼ፣ ሰውን «ምረጥ» ያለ፣ ያልጠበቀው መልስ ሲመጣ የሚያሳልፍበት መንገድ ማበጀት አለበት። ካላበጀ አይጠይቅ፤ የተጠየቀውም ዝም ብሎ አይነሳ። እናንተስ፣ በቅርቡ ልጃችሁን ወይ የትዳር አጋራችሁን «አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?» ስትሉ፣ በሩን አስቀድማችሁ ዘግታችሁት ነበር?